የቆየውን ስሪት ማን ይጠግነዋል? የክፍት ምንጭ የዴስክቶፕ ሶፍትዌር ጥገና ዳሰሳ

አንድ የዴስክቶፕ ፕሮግራም አዲስ ስሪት ሲወጣለት የቀድሞው ወዲያው ከሥራ አይወጣም። በየቤቱ፣ በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ እንደተጫነ ይቆያል፤ ሰነድ ይጻፍበታል፣ ንድፍ ይሠራበታል፣ ደመወዝ ይሰላበታል። የገንቢዎቹ ዓይን ግን ወደ አዲሱ ዞሯል። ታዲያ በቆየው ስሪት ውስጥ ስህተት ሲገኝ ማን ያርመዋል? በምን ደንብ? እስከ መቼ? ወጪውንስ ማን ይችለዋል? (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባለቤቱ አንድ ድርጅት በሆነ ሶፍትዌር ላይ መልሱ አጭር ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ያበቃል ብሎ ወሰነ፤ አበቃም። ምንጭ ኮዱ በእጁ የሌለ ሰው ጥገናውን ልረከብ ቢል መንገድ የለውም። በክፍት ምንጭ ዘንድ ግን ፈቃዱ ለማንም የተሰጠ ስለሆነ ጥገናው በገንቢው፣ በአከፋፋዩ፣ በነጋዴው ወይም ከተጠቃሚዎች መካከል በተነሳ ሰው እጅ ሊወድቅ ይችላል። የትኛው እጅ ላይ እንደወደቀ ማወቅ ለተጠቃሚው ከስሪቱ ቁጥር የበለጠ ቁም ነገር አለው።

ሰው በቆየ ስሪት ላይ የሚቀመጠው ከስንፍና ነው የሚል አስተያየት በገንቢዎች ዘንድ ይሰማል። ፍርዱ ተገቢ አይደለም። የሥዕልና የንድፍ ፕሮግራም የሆነው ኢንክስኬፕ በጃንዋሪ 2017 በወጣው 0.92 ስሪቱ የመለኪያ መሠረቱን በአንድ ኢንች ከ90 ነጥብ ወደ 96 ቀየረ። ለውጡ ከድረ ገጽ መስፈርት ጋር ለመስማማት የተደረገ ነበርና በራሱ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ በቀድሞው ስሪት በሚሊሜትር ተለክቶ የተሠራ የማኅተም ወይም የሌዘር መቁረጫ ንድፍ በአዲሱ ሲከፈት መጠኑ ሊዛነፍ ይችላል። ፕሮግራሙ ፋይሉን ሲከፍት ምን ይደረግ ብሎ የሚጠይቅ መስኮት ቢያቀርብም፣ መቶ የቆዩ ንድፎች ላሉት የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ይህ ማለት መቶ ጊዜ መመለስና መቶ ጊዜ መለካት ነው። ጂምፕም እንዲሁ። በ2.10 ስሪቱ ላይ በፓይተን 2 የተጻፉ ተጨማሪ መሣሪያዎች በማርች 2025 በወጣው 3.0 ላይ እንደገና ካልተጻፉ አይሠሩም፤ ብዙዎቹን የጻፏቸው ሰዎች ደግሞ ከተዉአቸው ዓመታት አልፈዋል።

ለአማርኛ ጸሐፊ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የቁልፍ ሰሌዳው ነው። በሊኑክስ ላይ ኬኤምኤፍኤል የተባለው መሣሪያ የኪማንን የቁልፍ ሰሌዳዎች መጀመሪያ ስኪም፣ ኋላም አይባስ በተባሉ የፊደል ማስገቢያ ሥርዓቶች በኩል ያስኬድ ነበር። ስኪም ተረሳ፤ ኬኤምኤፍኤልም ቦታውን ኪማን ለሊኑክስ ለተባለው አዲስ ፕሮግራም ለቀቀ። ይህ በእንዲህ እንዳለ ዴስክቶፖቹ ከኤክስ11 ወደ ዌይላንድ መዛወር ጀመሩ፤ ፊደል ከጣት ወደ ስክሪን የሚደርስበት መንገድ ራሱ ተቀየረ። የላቲን ሆሄ እየመታ ፊደል የሚያወጣ ሰው አንድ ቀን አፕዴት አድርጎ ሲነሳ ፊደሉ እንቢ ካለው፣ የዴስክቶፑ አዲስ መልክ ምንም አይጠቅመውም። እንዲህ ያለ ሰው የሚሠራለትን ስሪት አጥብቆ ቢይዝ ሥራውን ማዳኑ ነው።

ጥገናው ራሱ ምን ይመስላል? ዋናው ሥራ በሙያተኞቹ አነጋገር ባክፖርት ይባላል፤ በአዲሱ ስሪት የተደረገን ማስተካከያ ወደ አሮጌው መልሶ ማምጣት ነው። ለምሳሌ አንድ የምስል ማሳያ ፕሮግራም የፋይሉን ርዝመት ሳይመረምር ያነብ ነበር እንበል፤ ሰው አስቦበት ያበላሸውን ምስል ሲከፍት ከተፈቀደለት የማኅደረ ትውስታ ክልል ያልፋል። በአዲሱ ስሪት ስህተቱ በሦስት መስመር ታረመ። የአሮጌው ስሪት ጠጋኝ የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት ላይ፣ አንድን ለውጥ ለይቶ የሚያመጣውን የቼሪ ፒክ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ጊት ግን ግጭት አለ ብሎ ይመልሰዋል። ሲመረመር ፋይሉ ባለፈው ዓመት ስሙ ተለውጧል፤ ሦስቱ መስመሮች የሚጠሩት የመመርመሪያ ፈንክሽንም በአሮጌው ኮድ ውስጥ ፈጽሞ የለም። እዚህ ላይ ሁለት ምርጫ ይቀርባል። ፈንክሽኑን አብሮ ማምጣት ይቻላል፤ እሱ ግን የሚጠራቸውን ሌሎች አስከትሎ ይመጣና አሮጌው ስሪት ቀስ በቀስ አዲሱን መሆን ይጀምራል። ወይም ማስተካከያውን በአሮጌው ኮድ አጻጻፍ እንደገና መጻፍ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የተጻፈው ነገር በዋናው ፕሮጀክት ውስጥ ማንም ያልሞከረው ኮድ ነው። ሁለተኛውን የሚመርጥ ጠጋኝ የዋናውን ገንቢ ያህል፣ አንዳንዴም ከእሱ በላይ፣ ፕሮግራሙን ማወቅ ይኖርበታል። የአሮጌ ስሪት ጥገና ለጀማሪ የሚሰጥ ሥራ ነው የሚለው ልማድ ይህን ካለማየት የመጣ ነው።

ከማምጣቱ የሚከብደው ምን እንደማይመጣ መወሰኑ ነው። የሊኑክስ ከርነል የተረጋጋ ቅርንጫፍ በማርች 2005 በ2.6.11 ከተጀመረ ወዲህ የተቀመጠለት ደንብ እስካሁን ለብዙ ፕሮጀክቶች መለኪያ ነው፦ ማስተካከያው አስቀድሞ በዋናው ኮድ ውስጥ መግባት አለበት፤ ከነዙሪያው ከ100 መስመር መብለጥ የለበትም፤ አንድ ነገር ብቻ ማረም አለበት። የመጀመሪያው ሐረግ ጥበብ አለበት። በአሮጌው ብቻ የታረመ ስህተት ተጠቃሚው ወደ አዲሱ በተሻገረ ቀን ተመልሶ ይጠብቀዋል።

ገንቢዎች ራሳቸው አሮጌውን የሚጠብቁበት የታወቀው ምሳሌ ፋየርፎክስ ነው። ሞዚላ በ2011 በየስድስት ሳምንቱ አዲስ ስሪት ማውጣት ሲጀምር በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች የሚያስተዳድሩ ተቋማት ተቃወሙ፤ አንዱን ሞክረው ሳይጨርሱ ሌላው ይደርስባቸው ነበር። መልሱ በጃንዋሪ 2012 ከፋየርፎክስ 10 ጋር መጣ፦ ለአንድ ዓመት ገደማ የደህንነት ማስተካከያ ብቻ የሚያገኝ የተራዘመ ድጋፍ ስሪት፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኢኤስአር። ይህ ቅርንጫፍ ከታሰበለት በላይ አገልግሏል። 52 ኢኤስአር የዊንዶውስ ኤክስፒና የቪስታ የመጨረሻ መጠለያ ሆኖ እስከ 2018 ዘልቋል። በ2023 የወጣው 115 ኢኤስአርም ለዊንዶውስ 7 እና 8.1 ሲባል የማብቂያ ቀኑ ደጋግሞ ተገፍቷል። ሊብሬኦፊስ በተቃራኒው አጭር ዕድሜ ነው የሚሰጠው፤ በየስድስት ወሩ አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል፣ እያንዳንዱም ዘጠኝ ወር ገደማ ይጠገናል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ተቋም ኮላቦራን ከመሰሉ ኩባንያዎች ይገዛል።

ጂምፕ ደግሞ ለየት ያለ መንገድ ሄዷል። 2.10 በኤፕሪል 2018 ሲወጣ በተረጋጋው ቅርንጫፍ ላይ አዳዲስ መሣሪያዎች መጨመር ይፈቀድ ተባለ። 3.0 ሰባት ዓመት ገደማ ስለፈጀ ውሳኔው ባይኖር ተጠቃሚው ያን ሁሉ ጊዜ ምንም ሳያገኝ በቆየ ነበር። የጠጋኞቹ ሸክም ግን በዚያው ልክ ከበደ፤ የታረመውም የተጨመረውም ሁለት ጊዜ ይጻፍ ነበር።

አብዛኛው የሊኑክስ ተጠቃሚ ግን ከገንቢው ጋር አይገናኝም። ፕሮግራሙን የሚያገኘው በዲስትሮው፣ ማለትም ፕሮግራሞችን አሰባስቦ በሚያቀርበው አከፋፋይ በኩል ነው፤ በዚህ ረገድ የዴቢያንን ያህል የተጋ የለም። ዴቢያን በሁለት ዓመት ገደማ አንድ የተረጋጋ ስሪት ያወጣና በውስጡ ያሉትን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፓኬጆች የስሪት ቁጥራቸውን ባለበት ያቆማል። ሦስት ዓመት የደህንነት ቡድኑ ይጠግናቸዋል፤ ከ2014 ጀምሮ ደግሞ በኩባንያዎች መዋጮ የሚሠራው የረጅም ጊዜ ድጋፍ ሁለት ዓመት ጨምሮበታል። ኡቡንቱ የመጀመሪያውን የረጅም ጊዜ ስሪት በጁን 2006 በ6.06 ሲያወጣ ለዴስክቶፕ ሦስት ዓመት ቃል ገባ፤ ከ12.04 ወዲህ አምስት ሆነ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። አምስቱ ዓመት የሚመለከተው ሜይን በተባለው ክፍል ያሉትን ፓኬጆች ነው። ጂምፕን ጨምሮ በሺዎች የሚቆጠሩት ዩኒቨርስ በተባለው ክፍል ናቸው፤ እነሱ በበጎ ፈቃደኞች ይጠገናሉ፣ ወይም ኡቡንቱ ፕሮ በተባለው ምዝገባ በኩል ይሸፈናሉ። ምዝገባው ለግለሰብ እስከ አምስት ኮምፒውተር ድረስ በነፃ ነው። ኡቡንቱን ጭኖ አምስት ዓመት ተኝቻለሁ የሚል ሰው ይህን ቢያጣራ ይሻለዋል።

በአከፋፋይ እጅ የሚደረግ ጥገና የራሱ መዘዝ አለው። በ2006 አንድ የዴቢያን ጠጋኝ ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የምስጠራ ላይብረሪ ውስጥ ከመመርመሪያ መሣሪያ የመጣ ማስጠንቀቂያ ለማጥፋት ጥቂት መስመር አነሳ። የተነሳው መስመር የዘፈቀደ ቁጥር ምንጩን የሚመግብ ነበር። ስህተቱ በሜይ 2008 እስኪገለጥ ድረስ በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ ለአንድ ዓይነትና መጠን ሊፈጠሩ የሚችሉት የምስጠራ ቁልፎች 32,768 ብቻ ሆነው ቆዩ፤ ሰብሮ ለመግባት ለፈለገ ሰው ይህ ከምንም አይቆጠርም። ጠጋኙ ክፉ አላሰበም፤ ያልጻፈውን ኮድ ያለ ጸሐፊው ጥብቅ ምርመራ ነካ።

ገንቢዎችም ቅሬታ አላቸው። ኤክስስክሪንሴቨር የተባለው የስክሪን መጠበቂያ ደራሲ ጄሚ ዛዊንስኪ በዴቢያን የቆየ ስሪት ላይ የሚገጥሙ፣ እሱ ዘንድ ግን ድሮ የታረሙ ስህተቶችን የሚያመለክቱ መልእክቶች ስለበዙበት ፕሮግራሙ ሲያረጅ ለተጠቃሚው ማስጠንቀቂያ እንዲያሳይ አደረገ። በ2016 ነገሩ ተካርሮ የተሻለው ዴቢያን ፕሮግራሙን ቢያወጣው ነው እስከ ማለት ደረሰ። የሁለቱም ወገን ምክንያት ይገባል፤ ሆኖም ሸክሙ ያለፈቃዱ የወደቀበት ደራሲው እንደሆነ መካድ አይቻልም። አሮጌ ስሪት የሚያከፋፍል ዲስትሮ የስህተት ጥቆማውን መጀመሪያ ራሱ መቀበል አለበት።

ጥገናው ሸቀጥ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ኬዲኢ የተባለው ዴስክቶፕና ብዙ ፕሮግራሞች የቆሙበት የኪውት ላይብረሪ ባለቤት የሆነው ኩባንያ የ5.15ን የረጅም ጊዜ ማስተካከያ ከ2021 መጀመሪያ አንሥቶ ለከፋይ ደንበኞች ብቻ አደረገ። የኬዲኢ ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ በዚያው ዓመት አስፈላጊዎቹን ማስተካከያዎች በራሳቸው ቅርንጫፍ እየሰበሰቡ ማቆየት ጀመሩ። ፈቃዱ ክፍት ባይሆን ኖሮ ይህ አይታሰብም።

የመጨረሻው መንገድ የተተወን ስሪት አንስቶ ማሳደግ ነው። ኬዲኢ 4.0 በጃንዋሪ 2008 ወጣ፤ የ3.5 መስመር በኦገስት 2008 በ3.5.10 አበቃ። ቲሞቲ ፒርሰን የጀመረው ትሪኒቲ ያንን መስመር ተረከበ። ሥራው ግን ኬዲኢን ብቻ መጠበቅ አልሆነም፤ ከሥሩ ያለው ኪውት 3 ራሱ ባለቤት አልባ ስለነበር እሱንም አብሮ ማሳደግ ግድ ሆነ። በኤፕሪል 2011 የሌላው ዴስክቶፕ የጂኖም 3ኛ ስሪት ሲወጣ ጂኖም 2ን የወደዱት ማቴን ጀመሩ። ማቴ ከጂኖም 3 ጎን ያለ ግጭት እንዲጫን የፕሮግራሞቹ ስም ሁሉ ተለወጠ፤ ናውቲለስ ካኻ፣ ጂኤዲት ፕሉማ ሆነ። በማርች 2017 ደግሞ 1.18 ላይ ከሥሩ ካለው የጂቲኬ 2 ላይብረሪ ወደ ጂቲኬ 3 ሙሉ በሙሉ ተሻገረ። ተጠቃሚው የሚያየው የ2010ሩን ዴስክቶፕ ነው፤ ከሥሩ ያለው ኮድ ግን ተቀይሯል። ሁለቱም የሚያስተምሩት አሮጌ መልክን ለማቆየት ውስጡን ያለማቋረጥ ማደስ እንደሚያስፈልግ ነው።

አሮጌ ስሪት ለደህንነት ያሰጋል የሚለው አባባል ግማሽ እውነት አለው። በኤፕሪል 2014 የታወቀው ሃርትብሊድ የተባለ ቀዳዳ የነበረው ከኦፕንኤስኤስኤል 1.0.1 ጀምሮ ነው፤ 0.9.8ን ይዞ የቆየው ዴቢያን 6 አልተነካም። በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ በፋይል ማጨቂያው ኤክስዜድ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ያገኘው ሆን ተብሎ የተሠወረ የጓሮ በርም የደረሰው አዲሱን በሚቀድሙት ሙከራ ዲስትሮዎች ላይ ነበር፤ የተረጋጋው ዴቢያን ገና አልተቀበለውም። በሌላ በኩል በጃንዋሪ 2021 የአስተዳዳሪ ሥልጣን በሚያውሰው ሱዶ ውስጥ የተገኘው ቀዳዳ ወደ አሥር ዓመት ዕድሜ ነበረው። በሴፕቴምበር 2023 የተገለጠው የዌብፒ ምስል ማንበቢያ ላይብረሪ ስህተትም አሮጌውንም አዲሱንም ብራውዘር አንድ ላይ አጋልጧል። የሚለየው የስሪቱ ዕድሜ ሳይሆን ስህተቱ በታወቀ ሳምንት ማስተካከያ የሚሰጥ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው። አሮጌና የሚጠገን ስሪት ከአዲስና ካልተፈተነ ይሻላል፤ አሮጌና የተተወ ግን ከሁሉ የከፋ ነው።

የተረጋጋ ቅርንጫፍ ለአነስተኛ የትርጉም ቡድኖች ያለው ጥቅም እምብዛም አይነሳም፤ ለአማርኛ ግን ትልቅ ነው። ኢትዮጵያዊው ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ በኋላ የግዕዝ ፍሮንትየር ፋውንዴሽን ለሊኑክስ የአማርኛ የቀን፣ የገንዘብና የፊደል ቅደም ተከተል መረጃ አበርክቷል፤ የዴስክቶፕ ትርጉሞችም በበጎ ፈቃደኞች ተጀምረዋል። ጂኖም በየስድስት ወሩ ሲወጣ ከመለቀቁ ጥቂት ሳምንታት በፊት የፕሮግራሙ ጽሑፎች እንዳይለወጡ ይታገዳሉ፤ ተርጓሚው የሚሠራው በዚያች ክፍተት ነው። ደርዘን ሰው ያለው ቡድን ይደርሳል፤ ሁለት ሰው ያለው አይደርስም። በሚቀጥለው ዙር ምናሌው ተለውጦ የተተረጎመው ዓረፍተ ነገር ዋጋ ያጣል። ለዓመታት በማይለወጥ ስሪት ላይ ግን ትርጉም እስኪሞላ መሥራት ይቻላል። የአማርኛ ተርጓሚዎች ጉልበታቸውን የረጅም ጊዜ ድጋፍ ባላቸው ስሪቶች ላይ ቢያውሉ ድካማቸው ሰው እጅ ይደርሳል።

ጥገና ያልታሰበበት ሶፍትዌር ምን እንደሚገጥመው ኢትዮጵያ አይታለች። ከ2008 አካባቢ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኤክስኦ የተባሉ ላፕቶፖች የግዕዝ ፊደል ሰሌዳ ይዘው ለተማሪዎች ታደሉ። 433 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር፣ 256 ሜጋባይት ራም፣ 1 ጊጋባይት ማከማቻ ነበራቸው። በኦክቶበር 2008 የወጣላቸው 8.2 የተባለው ሥርዓት ፌዶራ 9 በተባለው ዲስትሮ ላይ የተሠራ ነው። ፌዶራ ደግሞ ለአንድ ስሪት የሚሰጠው ድጋፍ 13 ወር ገደማ ብቻ ነው፤ ፌዶራ 9 በጁላይ 2009 ተዘጋ። ብረቱ አምስት ዓመት የልጅ እጅ እንዲችል ተብሎ ሲሠራ ከሥሩ ያለው ሶፍትዌር በዓመቱ ባለቤት አጣ። በኋላ አዲስ ሥርዓት ቢወጣም ኢንተርኔት በሌለበት ትምህርት ቤት በየላፕቶፑ ፍላሽ እየሰኩ የሚጭን ሰው ያስፈልጋል። ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር የሚገዛ አካል ከዋጋው ጋር የሥርዓቱን የድጋፍ ማብቂያ ቀን መጠየቅ ነበረበት፤ ዛሬም ይኖርበታል።

በዓለም ሌላው ጫፍ ያለው ችግር ቅርጹ ይለያል። ክሊንተንቪልን ለምሳሌ እንውሰድ፤ በአሜሪካ በኦሃዮ ዋና ከተማ በኮሎምበስ፣ ከስቴት ዩኒቨርሲቲው በስተሰሜን በሃይ ስትሪት ግራና ቀኝ የተዘረጋ ሰፈር ነው። በአጠገቡ ካለው ወንዝ ማዶ በቤተል ሮድ፣ በ1979 እዚያው ኮሎምበስ አካባቢ የተጀመረው የኮምፒውተር ነጋዴ ማይክሮ ሴንተር ሱቅ አለው፤ ከ2003 ጀምሮም ኦሃዮ ሊኑክስፌስት የተባለው የክፍት ምንጭ ጉባኤ በከተማዋ ሲካሄድ ኖሯል። አዲስ ብረትም ሆነ ምክር ሩቅ አይደለም። የዚህ ሰፈር ነዋሪ ጥያቄ ከ2017 በፊት የተሠራው ደህና ላፕቶፕ ምን ይሁን የሚል ነው፤ ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ አይቀበለውም። ኮሎምበስ ላይ ላለ ሐበሻ ቤተሰብ ደግሞ ይህ ላፕቶፕ ልጆቹ የቤት ሥራ እንዲሠሩበት፣ እናት ወይም አባት ለማኅበሩ ደብዳቤ በአማርኛ እንዲጽፉበት ያስፈልጋል። ለዚህ ዓይነቱ ማሽን የተረጋጋው ዴቢያን ወይም ከ2014 ወዲህ በኡቡንቱ የረጅም ጊዜ ስሪት ላይ ብቻ የሚሠራው ሊኑክስ ሚንት የሚመረጥበት ምክንያት ይህ ነው፤ አይባስ ላይ አንዴ የተስተካከለ የአማርኛ ሰሌዳ ለዓመታት ሳይነካ ይቆያል።

አንድ ልዩነት ግን መያዝ አለበት። ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኘው ፕሮግራም፣ በተለይ ብራውዘሩ፣ ዘወትር የታረመ መሆን አለበት፤ የሥዕል ወይም የሒሳብ ፕሮግራሙ ከውጭ የመጣ ፋይል እስካልከፈተ ድረስ ቢያረጅ ጉዳቱ ያነሰ ነው። ፍላትፓክ የተረጋጋውን ሥር ሳይነኩ ላዩ ላይ አዲስ ፕሮግራም ለመጫን ያስችላል። እሱም የቆመበት መሠረተ ሥርዓት የራሱ ማብቂያ ስላለው ዘላለማዊ መፍትሔ አይደለም።

ማንኛውም ቅርንጫፍ አንድ ቀን ይዘጋል። ደህና አዘጋግ ምን እንደሚመስል ፓይተን 2.7 አሳይቷል፦ በጁላይ 2010 ወጣ፤ መጀመሪያ 2015 ተብሎ የነበረው ማብቂያ አስቀድሞ ወደ 2020 ተላለፈ፤ የመጨረሻው 2.7.18 በኤፕሪል 2020 ወጥቶ ተዘጋ። አሁን ተራው የ32 ቢት ኮምፒውተሮች ነው። ኡቡንቱ ከ18.04 በኋላ ትቷቸዋል። በኦገስት 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ለእነሱ መጫኛ የለውም፤ የዴቢያን 12 የረጅም ጊዜ ድጋፍም በጁን 2028 ያበቃል። ሞዚላም በ32 ቢት ሊኑክስ ላይ የመጨረሻው መደበኛ ስሪት ፋየርፎክስ 144 መሆኑን፣ 140 ኢኤስአር ግን ቢያንስ እስከ ሴፕቴምበር 2026 እንደሚጠገን አስታውቋል። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ያለው ሰው ከኢንተርኔት ነቅሎ ለጽሕፈት ሊያውለው ይችላል፤ ሊብሬኦፊሱ፣ ፊደሉና የቁልፍ ሰሌዳው እንደተጫኑ ይሠራሉ።